የሺህ ዶላሯ ክኒን፦ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ዋጋ እንዴት ወረደ? እኛ ዘንድስ ሕመምተኛው ለምን አልተገኘም?

መድኃኒት ቀማሚ፣ አዲስ አበባ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ አባት መጥተው የሐኪም ማዘዣ ሰጡኝ። ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋር፣ ለ12 ሳምንት። ዋጋውን ስነግራቸው አላመኑኝም። «ልጄ፣ መድኃኒቱን አሳስተህ እንዳይሆን? አሜሪካ ያለው የበኩር ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ቤት ተሸጦም አይገዛም ብሎኛል» አሉ። ማዘዣውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። አላሳሳትኩም፤ ልጃቸውም አልዋሸም። እሱ የሰማው ዋጋ ሶፎስቡቪር አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጊዜ የተጠራለት ነው፤ ለአንድ ሙሉ ሕክምና 84,000 ዶላር። ዛሬ ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ለድሃ አገሮች በጅምላ ግዢ የሚቀርቡት በ60 ዶላር አካባቢ ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህ ሙያ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የአንድ መድኃኒት ዋጋ እንዲህ ሲወድቅ ያየሁት በኤች አይ ቪ መድኃኒቶችና በዚህ ብቻ ነው። የማውቀውን ልጻፍ፣ የምታውቁ ጨምሩበት። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተከተሉኝ።

ሄፓታይተስ ሲ ጉበትን ቀስ በቀስ የሚጎዳ ቫይረስ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለ ምልክት ይቆይና አንድ ቀን ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ወይም ሰውየው ደም ያስታውካል። ክትባት የለውም። ከ2013 በፊት የነበረው ዋናው ሕክምና በየሳምንቱ የሚወጋው ኢንተርፌሮን ሲሆን፣ እስከ አንድ ዓመት ይወሰድ ነበር። ትኩሳቱ፣ ድካሙ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስከትለው ድባቴ ብዙዎችን አስመርሮ አስቋርጧቸዋል። ታግሦ የጨረሰውም የመዳን ዕድሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ነበር።

በኒው ጀርሲዋ ፕሪንስተን የነበረች ፋርማሴት የምትባል አነስተኛ ኩባንያ፣ ማይክል ሶፊያ በሚባል ኬሚስት መሪነት አዲስ ሞለኪውል ሠራች። ሶፎስቡቪር የሚለው ስም የእሱን ስም ይዟል። ሞለኪውሉ ገና ሙከራ ላይ ሳለ፣ በኖቬምበር 2011፣ ጊልያድ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ኩባንያዋን በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። በዲሴምበር 2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሲሰጥ፣ ጊልያድ የአንዷን ክኒን ዋጋ 1,000 ዶላር አደረገ። በቀን አንድ፣ ለ84 ቀን።

መድኃኒቱ ድንቅ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ከአዳዲሶቹ አጋሮቹ ጋር ሲሰጥ ከመቶ ከ95 በላይ ሕመምተኞችን ይፈውሳል። «ይፈውሳል» ያልኩት ቃሉን መዝኜ ነው። ነገር ግን የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው አንድሪው ሂልና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ስሌት፣ የ12 ሳምንቱን ሶፎስቡቪር በብዛት ለማምረት የሚያስፈልገው ከ68 እስከ 136 ዶላር ነበር። የአሜሪካ ሴናተሮች ሮን ዋይደንና ቻርለስ ግራስሊ 18 ወር መርምረው በዲሴምበር 2015 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ገልጦ አሳየ። ፋርማሴት ሳትሸጥ በፊት ታስበው የነበረው ዋጋ 36,000 ዶላር ነው። ጊልያድ ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ ብዙ ሕመምተኞች ሊያጡት እንደሚችሉ አስቦበት፣ ከፍተኛውን ገቢ እንደመረጠ ሴናተሮቹ ደምድመዋል። ይህን ሳነብ በጣም ተናድጃለሁ፤ ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ከ84,000 ወደ 60 ያወረደው ምንድን ነው? ዋጋው ከወረደ በኋላስ እኛ ጋር የሚታከመው ሰው ለምን እንዲህ ጥቂት ሆነ?

ገበያ ተመልካች

ወንድሜ፣ በአክብሮት እከራከርሃለሁ። የማምረቻ ወጪን ከመሸጫ ዋጋ ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። ክኒን ማተም ርካሽ ነው፤ ውዱ የትኛው ሞለኪውል እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ሰው ላይ መሞከር ከሚጀምሩት መድኃኒቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ፈቃድ ሳያገኙ ይወድቃሉ። በ2012 ተመሳሳይ መድኃኒት ለማግኘት ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ የሚባለው መድኃኒት አምራች ኢንሂቢቴክስ የምትባል ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ ሞለኪውሉ የሕመምተኞችን ልብ ስለጎዳ ወዲያው ጣለው። አብዛኛው ገንዘብ ባከነ። እንዲህ ያለውን ኪሣራ የሚሸከም ባለሀብት የሚገኘው የተሳካለት ብዙ እንደሚያተርፍ ሲያይ ብቻ ነው።

ደግሞም በአሜሪካ የጉበት ንቅለ ተከላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ከዚያ አንጻር የሚፈውስ ክኒን በ84,000 ዶላር ለአገሪቱ የጤና ሥርዓት ኪሣራ ነው ማለት ይከብዳል። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ባይኖር ሶፎስቡቪር ራሱ አይኖርም ነበር። አንተም ለእኚያ አባት የምትሰጣቸው ነገር ባላገኘህ ነበር።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እናንተ በዋጋው ስትከራከሩ እኔ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ልንገራችሁ። በውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ እግራቸው አብጦ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ የሚመጡትን ስንመረምር የሚበዛው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ሲም አለ። ሰዎቹ «የወፍ በሽታ ነው» ተብለው ክንዳቸውን ተተኩሰው፣ ቅጠል ጠጥተው፣ ገንዘባቸውን ጨርሰው ነው የሚደርሱን። ያን ጊዜ ቫይረሱን ብናጠፋውም ጉበቱ ወደነበረበት አይመለስም።

ስለዚህ ወንድሜ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ይበልጥብኛል። እኔ ጋር የሚመጡት ሰዎች መድኃኒቱ ተወዶባቸው አይደለም የዘገዩት። በሽታው እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ሰላማዊት፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚህ በአንድ መድኃኒት ቤት የሠራሁት ልክ ሶፎስቡቪር በወጣበት ጊዜ ነው። ገበያ ተመልካች ያነሳኸው የንቅለ ተከላ ስሌት በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር የሆነው ግን መድን ሰጪዎቹ ገንዘቡን በአንድ ዓመት ውስጥ ማውጣት ስላልቻሉ በሩን ዘጉት። ብዙ ክፍላተ ግዛት ለድሆች በሚሰጠው ሜዲኬይድ፣ ጉበቱ በጠባሳ ካልተሞላ በስተቀር መድኃኒቱን አንፈቅድም አሉ። እስቲ አስቡት፤ ሐኪሙ «ቫይረሱ አለብህ፣ የሚፈውስም መድኃኒት አለ፣ ግን ገና በደንብ አልታመምክም» ይላል። ይህንን ለአንድ የአገራችን ሰው ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ታክሲ ነጂ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ስንት ዓመት ልጠብቅ?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

መድኃኒት ቀማሚ የጠቀስከው የሴናተሮቹ ሪፖርት ይህንንም ይናገራል፦ በ2014 ሜዲኬይድ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ማከም የቻለው በሥሩ ካሉት የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞች 2.4 ከመቶ እንኳ የማይሞሉትን ነው። እስረኞች ደግሞ ከሞላ ጎደል ተረስተው ነበር።

እዚህ ዋጋውን ያወረደው የኩባንያው ርኅራኄ አልነበረም፤ ተወዳዳሪ መጣ። በ2014 መጨረሻ የተፎካካሪው ኩባንያ የአብቪ መድኃኒት ሲፈቀድ፣ ትልቁ የመድኃኒት ግዢ ወኪል ኤክስፕረስ ስክሪፕትስ ቅናሽ ተደራድሮ የጊልያድን ከዝርዝሩ አወጣ። ከዚያ ሁሉም ቅናሽ መስጠት ጀመረ። በ2017 አብቪ ማቪሬት የተባለውን አዲስ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቱን በ26,400 ዶላር አወጣው። ሉዊዚያና በ2019 ለየት ያለ ውል ገባች፤ ክፍለ ግዛቷ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ትከፍላለች፣ መድኃኒቱን ግን ለፈለገችው ያህል ሰው ትሰጣለች። አውስትራሊያ ይህን መንገድ ከዚያ ቀደም ብላ ጀምራው ነበር፤ ለአምስት ዓመት አንድ ቢሊዮን ገደማ የአውስትራሊያ ዶላር መድባ እስረኛውን ሳይቀር አከመች። እንዲህ ያለ ውል ሲኖር አንድ ተጨማሪ ሰው ማከም ለመንግሥት ምንም ተጨማሪ የመድኃኒት ወጪ የለውም። ስለዚህ መንግሥቱ ራሱ ሕመምተኛ ፍለጋ ይወጣል።

ታክሲ ነጂው በ2017 ታከመ። ድኗል። ሦስት ዓመት ግን ጉበቱ በከንቱ ተጎዳ።

መድኃኒት ቀማሚ፣ አዲስ አበባ

እህቴ ሰላማዊት፣ ይህን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ገበያ ተመልካች፣ ስለ ኪሣራው ያልከውን እቀበላለሁ፤ የኢንሂቢቴክስን ታሪክ ማንሳትህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጊልያድ በ2014 እና በ2015 ሁለት ዓመት ብቻ ከሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች ያገኘው ሽያጭ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለግዢ ያወጣው 11 ቢሊዮን ሦስት ጊዜ ያህል ተመልሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሽያጩ ቁልቁል ወርዶ በ2018 ወደ 3.7 ቢሊዮን ደረሰ፤ ምክንያቱ አንድም ፉክክሩ፣ አንድም የታከመው ሰው መዳኑ። በዚያው ዓመት ጎልድማን ሳክስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ተንታኞች ለባለሀብቶች በጻፉት ሰነድ «ሕመምተኛን መፈወስ ዘላቂ የንግድ መንገድ ነውን?» ብለው የጠየቁት ይህንኑ ምሳሌ አድርገው ነው። ይህ ጥያቄ ያስፈራኛል። ስኳርና ደም ግፊት ዕድሜ ልክ ክኒን ያስገዛሉ፤ የዳነ ሰው ግን አይመለስም። የመድኃኒት ምርምር በሽያጭ ብቻ እስከተመራ ድረስ ፈውስ ሁልጊዜ ከኋላ ይሰለፋል።

አሁን ወደ ግብፅ ልሂድ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነውና።

ግብፅ በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ሲ ከሁሉም በላይ የተጎዳች አገር ነበረች። ምክንያቱ ልብ ይሰብራል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ መንግሥቱ በናይል ዳር መንደሮች ቢልሃርዝያን ለማጥፋት የአንቲሞኒ ጨው መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌዎቹ የመስታወት ነበሩ፤ በደንብ ሳይቀቀሉ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ አለፉ። በጎ የታሰበበት ዘመቻ ሌላ ቫይረስ በሚሊዮኖች ደም ውስጥ ዘራ። በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 15 ያህሉ የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ሲያገኝ የሚያመርተው መከላከያ) ተገኘባቸው። በሽታውን የማያውቅ አንድ ቤተሰብ ብትፈልግ አታገኝም ነበር።

ሶፎስቡቪር ሲመጣ ግብፆች ባዶ እጃቸውን አልቀረቡም። ቀደም ብለው ብሔራዊ ኮሚቴና በየክልሉ የሕክምና ማዕከላት አቋቁመዋል፤ ስንት ሕመምተኛ እንዳላቸው ያውቃሉ። በ2014 ከጊልያድ ጋር የአንድ ወሩን በ300፣ ሙሉውን በ900 ዶላር ተስማሙ፤ የአሜሪካው ዋጋ አንድ መቶኛ። በኢንተርኔት ምዝገባ ሲከፈት ሰው ጎረፈ። በዚህ ላይ የግብፅ የፓተንት ቢሮ የጊልያድን ማመልከቻ ሳይቀበለው ቀረ። የአገሪቱ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ማምረት ቻሉ፤ እርስ በርስ ሲፎካከሩም ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ወረደ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። መድኃኒቱ ረክሶ፣ ተራ የያዘው ሁሉ ታክሞ ሲያልቅ ማዕከላቱ ሰው አጡ። በሽተኛው አላለቀም፤ ራሱን የሚያውቀው ነው ያለቀው። ስለዚህ በኦክቶበር 2018 የመራጮችን መዝገብ ይዘው ወጡ። በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ጣቱን ተወግቶ ተመረመረ። 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ለተጨማሪ ምርመራ ተላኩ፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው በነፃ ታከሙ። በኦክቶበር 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሲሰጥ፣ በዓለም የመጀመሪያዋ ተቀባይ ግብፅ ሆነች። የበሽታው ስርጭት ከ10 ከመቶ ወደ 0.38 ከመቶ ወርዷል።

ዓባይ ልጅ

ይቅርታ አድርግልኝ፣ ግን ሌላ አገር ጠፍቶ ነው ግብፅን የምታሞግስልን?

መድኃኒት ቀማሚ፣ አዲስ አበባ

ወንድም ዓባይ ልጅ፣ ስሜትህ ይገባኛል። በውሃው ጉዳይ ከአንተ የተለየ አቋም የለኝም። ነገር ግን እኛ ዘንድ የሚገኘው የቫይረሱ ዓይነት በብዛት ያው ግብፅ ውስጥ የተስፋፋው፣ ዘረመል 4 የሚባለው ነው። አሜሪካኖቹ በመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ያካተቷቸው የዘረመል 4 ሕመምተኞች ጥቂት ነበሩ። በእኛ ዓይነት ቫይረስ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በመቶ ሺዎች ላይ አይተው ያረጋገጡልን ግብፆቹ ናቸው። ለሕመምተኛዬ የሚጠቅመውን ትምህርት ከማንም እወስዳለሁ።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እግዚአብሔር ይስጥህ። የመራጮች መዝገብ ያልከው ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጎንደር

ጋሼ መድኃኒት ቀማሚ፣ እኔ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ግብፅ ፓተንቱን ካልተቀበለችና ማምረት ከቻለች፣ እኛስ ለምን አናመርትም? የሚከለክለን ሕግ አለ?

መድኃኒት ቀማሚ፣ አዲስ አበባ

ተማሪያችን፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በሕግ በኩል የሚያግደን ነገር የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ዝቅተኛ ዕድገት ላይ ያሉ አገሮች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2033 የመድኃኒት ፓተንትን እንዳያከብሩ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ ደግሞ የአባልነት ጥያቄ ያቀረበችው በ2003 ሲሆን ድርድሩ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ከዚህም ሌላ ጊልያድ በሴፕቴምበር 2014 ለሰባት የሕንድ ፋብሪካዎች በሰጠው ፈቃድ መድኃኒቱ በ91 አገሮች እንዲሸጥ ሲፈቀድ የእኛም አገር ተካታለች። እኚያ አባት የገዙት የሕንድ ምርት በዚህ በር የገባ ነው።

ከፈቃዱ ውጭ የቀሩት መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ናቸው የተጎዱት። ማሌዥያን ተመልከት። ለብዙ ዓመት ስትለምን ቆይታ፣ መንግሥቷ ፓተንቱን አልፎ ለሕዝብ ሆስፒታሎች መድኃኒት ሊያስመጣ መሆኑ ሲታወቅ፣ በኦገስት 2017 ጊልያድ ወደ ፈቃዱ አስገባት። እሷ ግን በቀጣዩ ወር የራሷን ውሳኔ ይፋ አደረገች። ዱላው ሲታይ በሩ ተከፈተ።

ከፋብሪካ በኩል

እኔ በአገር ውስጥ የመድኃኒት ማምረቻ ውስጥ በምርት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ተማሪው ለጠየቀው ከዚህ በኩል ልጨምር። ክኒን መጭመቅ እንችላለን። ማሽኑም ባለሙያውም አለ፤ ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት ተብሎ የተሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ችግሩ ዋናው ንጥረ ነገር ነው። እሱ የሚመጣው ከሕንድና ከቻይና ነው፤ ለእሱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪው እስኪገኝ መስመሩ ቆሞ ሠራተኛው ጋዋኑን ለብሶ የተቀመጠበትን ጊዜ አይቻለሁ። ማሸጊያው፣ ብልቃጡ፣ ካርቶኑ ሳይቀር ከውጭ የሚመጣበት ጊዜ ነበር።

እንዲያውም እሱ ቢሟላ፣ አንድ ፋብሪካ አዲስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቀው «ማን ይገዛኛል?» ብሎ ነው። ግብፅ ፋብሪካዎቿን ስትጠራ «ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው አለኝ፣ እኔ እገዛችኋለሁ» አለቻቸው። እኛ ጋር የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኛ ተቆጥሮ አልተያዘም። ስንት ሰው እንዳለ ሳላውቅ ስንት ሺህ ክኒን ላምርት? አምርቼው ጊዜው ቢያልፍበት ኪሣራው የእኔ ነው። ሲስተር ያለችውና እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ያልተመረመረ ሕመምተኛ ለሐኪሙም ለፋብሪካውም የለም።

ገበያ ተመልካች

ከፋብሪካ በኩል የተጻፈው አሳመነኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ፈጠራው ወገን ነበር፤ በዚያ ላይ አቋሜ አልተለወጠም። ነገር ግን ገዢ ሳይደራጅ ገበያ እንደማይኖር እኔም እስማማለሁ። በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 ሪፖርት መሠረት በ2022 መጨረሻ በዓለም ሄፓታይተስ ሲ ካለባቸው 50 ሚሊዮን ሰዎች በሽታቸውን ያወቁት ከመቶ 36 ብቻ ናቸው። የተቀሩት ሠላሳ ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች 60 ዶላር የሚሆን መድኃኒት እያለ አላወቁም።

እመቤት፣ ሻርጃ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ይህን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት በወንድሜ ምክንያት ነው። እኔ እዚህ በሰው ቤት እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ በሹፌርነት ሊመጣ ፓስፖርት አውጥቶ፣ ኮርስ ወስዶ፣ ለጤና ምርመራ ሄደ። ሄፓታይተስ ሲ አለብህ ብለው ሳያሳልፉት ቀሩ። እንደምታውቁት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ሠራተኛ ቢና ሲን ይመረመራል። አንድ ወረቀት ላይ ምልክት አድርገው ሸኙት፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው የለም። ለጉዞው ያወጣነው ገንዘብ የእኔ የስምንት ወር ደመወዝ ነው። አሁን እናቴ ጋር ሆኖ ቅጠል ይጠጣል፣ ከሰው ጋር ማዕድ አይቆርስም፣ እጮኛውንም ትቷታል። ስንት ዓመት ይኖራል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እህቴ እመቤት፣ አይዞሽ። በመጀመሪያ ሄፓታይተስ ሲ በማዕድ አይተላለፍም። በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም ነው፤ ምላጭ፣ መርፌ፣ ጥርስ መንቀያ፣ የጥርስ ብሩሽ ለብቻው ይሁን። ዛሬውኑ ደውለሽ ከእናትሽ ጋር አብሮ እንዲበላ ንገሪው። ሁለተኛ፣ ቅጠሉን ያቁም። የደከመን ጉበት ጨርሶ የሚጥል ቅጠል ብዙ አይቻለሁ።

መድኃኒት ቀማሚ፣ አዲስ አበባ

እመቤት እህቴ፣ ሲስተር ያለችውን ሁሉ ስሚ። እኔ የምጨምረው ስለ ወረቀቱ ነው። ለጉዞ የሚደረገው ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ይህም ሰውነቱ ቫይረሱን አንድ ጊዜ አግኝቶት እንደሚያውቅ ይናገራል እንጂ አሁን እንዳለ አይናገርም። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ ያለ ምንም መድኃኒት ራሳቸው ያስወግዱታል። የእነሱም፣ በመድኃኒት የዳኑትም ወረቀት ዕድሜ ልክ «አለ» እያለ ይኖራል። ስለዚህ ወንድምሽ የቫይረሱን መጠን የሚለካውን ምርመራ ያድርግ። ለሳንባ ነቀርሳ በየሆስፒታሉ የተሰራጨው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለዚህም የሚሆን ካርትሪጅ (ናሙናው ተደርጎበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ) አለው፤ የሚያጥረው ካርትሪጁ ነው። ያለበትን ሆስፒታል ጠይቀው ይሂዱ። ቫይረሱ ከተገኘበት ለ12 ሳምንት ክኒን ይውጣል፣ ይድናል። ካልተገኘበት ምንም አያስፈልገውም። በሁለቱም መንገድ እጮኛውን መተው የለበትም።

ሰላማዊት፣ ቨርጂኒያ

እመቤትን እያሰብኩ ሌላ ነገር ላንሳ። ያው ጊልያድ አሁን ሌናካፓቪር የሚባል በስድስት ወር አንዴ የሚወጋ፣ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከል መርፌ አለው። በጁን 2025 እዚህ ሲፈቀድ የዓመት ዋጋው 28,218 ዶላር ሆነ። በሴፕቴምበር ደግሞ ዶክተር ሬዲስና ሄቴሮ የሚባሉት የሕንድ ኩባንያዎች ከ2027 ጀምሮ በዓመት 40 ዶላር ገደማ ለ120 አገሮች እንደሚያቀርቡት ተነገረ። ከሶፎስቡቪር ጋር ስታነጻጽሩት በፍጥነት ነው የመጣው፤ ከመፈቀዱ በፊት ነው ፈቃዱ ለሕንዶቹ የተሰጠው።

መድኃኒት ቀማሚ፣ አዲስ አበባ

አዎ፣ በዚህ ደስ ብሎኛል፤ የሶፎስቡቪር ጩኸት ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። ብራዚል ግን ዜጎቿ በሙከራው ተሳትፈው ከፈቃዱ ውጭ ቀርታለች፤ ይህ ግፍ ነው። እኛ ጋር ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ያው የሲስተር ጥያቄ ይሆናል። መርፌው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የሚያስፈልገው ሰው ካልተገኘ 40 ዶላሩም ውድ ነው።

ሲስተር፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። አንቺ በምትሠሪበት ደም የሚለግሱ ሰዎች ሁሉ ለቢና ለሲ ይመረመራሉ። «አለ» የተባሉት ወዴት ይሄዳሉ? የሚያስታምማቸው ክፍል አለ?

ሲስተር ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እኔ እስካየሁት ደሙ ይወገዳል። ሰውየውን ጠርቶ፣ ለብቻው አስቀምጦ የሚያስረዳው፣ ቀጠሮም የሚይዝለት ባለሙያ አላየሁም። ነገ ጠዋት ከክፍል ኃላፊያችን ጋር ተነጋግሬ፣ የባለፈው አንድ ዓመት መዝገብ ውስጥ ስንት እንደሆኑ እንድንቆጥር እጠይቃለሁ። ስልካቸው ተመዝግቧል።

ከፋብሪካ በኩል

ቁጥሩን ስታገኚ እዚህ ጻፊልን፣ እባክሽ።

እመቤት፣ ሻርጃ

ከ19 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ካርትሪጁ ያለበትን ሆስፒታል ለማግኘት ሦስት ከተማ ዞረ። ትናንት ውጤቱ መጣ። ቫይረሱ የለበትም፤ ሐኪሙ ራሱ ያስወገደው ነው አለው። እናቴ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፤ እጮኛውም ቤት መጥታለች። ወረቀቱን ይዞ ወደ ጉዞ ምርመራው ተመልሶ ሄዶ ነበር። እነሱ ፀረ እንግዳ አካሉን ብቻ ነው የምናየው ብለው እንደገና ከለከሉት። ሲስተርዬ፣ ጋሼ መድኃኒት ቀማሚ፣ ይህን ውሳኔ ለማን ነው አቤት የሚባለው?